መነሳት የነበረበት ዳኛ

ዳኛ ፍሰሃጽዮን ረምላን ያወቃት በካባው ሰበብ ነው። ከወረዳ ፍርድ ቤት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወጥቶ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ላይ የተሾመ ሰሞን፣ የተሰጠው ጥቁር ካባ እጅጌው ረዘመበት። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለች የልብስ ስፌት ሱቅ ገባ።

«ካባው ነው የረዘመው ወይስ ዳኛው ያጠሩት?» አለችው ረምላ፣ የወሎ ልጅ፣ ስፒሏን በከንፈሯ እንደያዘች።

ከዚያ ወዲህ የካባው ቁልፍ በየጊዜው ይበጠስ ጀመር። አንድ ቀን ክሩን አገላብጣ አየችና «ይሄ እኮ በመቀስ የተቆረጠ ነው» አለች። ፊቱ ቀላ። እሷ ሳቋን ዋጠች።

በዓዲ ሓቂ ሰፈር ካፌዎች ጥግ ጥጉን ይዘው ተዋደዱ። እሷ ሙስሊም፣ እሱ የቄስ ልጅ። «ለእናቴ እነግራታለሁ» ይላል፤ አይነግራትም።

በዚህ መሃል አባቷ ሠርተው የተዉላትን ሱቅ ባለቦታው «ልቀቂ» ብሎ ከሰሳት። ረታችው። ባለቦታው ይግባኝ አለ፤ መዝገቡም እነፍሰሃጽዮን ፊት ቀረበ።

ከችሎቱ መነሳት ነበረበት። ለመነሳት ግን «እወዳታለሁ» ብሎ በችሎት መናገር ሊኖርበት ነው፤ ወሬው እናቱ ጆሮ ለመድረስ ምሳ ሰዓትንም አይጠብቅም። ተቀመጠ። ኋላ ቢታወቅበት «አዳላ» እንዳይባል ደግሞ አብረውት የተሰየሙት ሁለት ዳኞች በሐሳብ ሲለያዩ እሱ ፈረደባት። ፍርዱ ሲነበብ ረምላ እሱን ብቻ አየች። እሱ ጠረጴዛውን።

ሱቁን ለቃ በረንዳ ላይ መስፋት ስትጀምር ወደ እሷ ሄደ።

«ሕጉ ከእኔ ጋር አልነበረም?» አለችው።

«ነበር።»

«ታዲያ?»

«አዳላ እንዳይሉኝ ፈርቼ...»

«ወይ ጉድ! ባትወደኝ ኖሮ እረታ ነበር በለኛ!» ብላ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። የእግሩ ኮቴ እስኪርቅ ቀና አላለችም።

ከዚያ በኋላ ካባውን በለበሰ ቁጥር የእሷ ስፌት የእጁ አንጓ ላይ ይከብደው ነበር። ምስክር ሲምል እሱ ዐይኑን ይሰብራል።

ረምላ ግን ሰበር ችሎት ድረስ ሄደች። ሰበርም ፍርዱን ሽሮ «እንደገና ይታይ» ሲል መዝገቡን መለሰው።

በቀጠሮው ቀን ሰብሳቢው ዳኛ ገብረተንሳኤ «የሚነሳ ዳኛ አለ?» ብለው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ መልስም ሳይጠብቁ መዝገቡን ሊገልጡ ሲሉ ፍሰሃጽዮን ቆመ።

«እኔ እነሳለሁ። መልስ ሰጪዋን እወዳታለሁ። ያኔም መነሳት ነበረብኝ፤ ሕጉ ከእሷ ጋር መሆኑን እያወቅሁ በፍርሃት ፈረድኩባት። ይመዝገብልኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሽማግሌው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወደይ፣ ልጄ፣ ሥራህን እኮ ታጣለህ!»

«አውቃለሁ፣ ኣቦይ።»

ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ረምላ አገኘችው። ካባውን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ወትፎታል።

«እናትህ አሁን ይሰማሉ።»

«ጠዋት ነገርኳት።»

«ምን አሉ?»

«ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።»

ረምላ ካባውን ከብብቱ መዝዛ አራገፈችው፤ እጅጌውን ከእጅጌ አግጥማ ማጠፍ ጀመረች።

«ይቅር አላልኩህም» አለች። «ግን እንዲህ አይጨማደድም፣ የኔ ስፌት ነው።»

ካባውን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሮማናት መንገድ ጀመረች። ጥቂት ሄዳ ዞር አለች።

«አትነሳም?»

ተነሳ።