ጨቅላውን ማን አስተኛው?

ነርሷ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰዳ የሕፃኑን ውስጥ እግር በአውራ ጣቷ ደጋግማ ታሻለች። ሕፃኑ አይነቃም። ከአልጋው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ የቤቱ አሮጊት በአንሶላ ተሸፍነው ተኝተዋል። እሳቸውም አይነቁም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል» አለች ነርሷ ቀና ሳትል። «እንቅልፉ ግን የጤና አይደለም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ነው፤ ክብደቱን ለመከታተል እዚህ ቤት እመላለሳለሁ። ዛሬም ለዚያ ስመጣ ነው ጩኸት የሰማሁት።»

«አንስተሽዋል?»

«አላነሳሁትም። እንዳገኘሁት ነው።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ሕፃኑ በጀርባው ተኝቷል። እግሮቹ የአልጋውን ግርጌ ነክተዋል፤ ከራሱ በላይ ያለው ፍራሽ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ከብብቱ ሥር ተጠቅጥቆ እጆቹ ውጭ ቀርተዋል። አገጩ ላይ ቡናማ ጠብታ ደርቋል። ስትነካው አጣበቃት።

አንሶላውን ገለጥ አደረገች። አሮጊቷ ወደ ኋላ ወድቀው የብረት ሳጥኑ ጥግ ማጅራታቸውን መትቷቸዋል። ቀሚሳቸው ላይ የሕፃን ፎጣ ተጣብቋል፤ አውራ ጣታቸውም እንደ ልጁ አገጭ ያጣብቃል። ክፍሉን ብታስስ ጠርሙስ የሚባል ነገር አጣች።

«ሲስተር፣ እንዲህ ማስተኛትን ማን አሳያቸው?»

«እኔ፣ ትናንት። ብርድ ልብሱ ፊቱ ላይ ወጥቶ እንዳያፍነው ነው። አሮጊቷ ግን ‹እኔ ስንቱን በሆዱ አስተኝቼ አሳደግሁት› ብለው ሳቁብኝ። እናቱ አልነበረችም። ወንዶቹ፣ አባትየውና ተከራዩ፣ ሳሎን ተቀምጠው በተከፈተው መጋረጃ ያዩን ነበር።»

እናትየው ወጥ ቤት ነበረች። ፖሊሱ በሩን ይዞ ቆሟል። ወተቷ ፈሶ የቀሚሷን ደረት አርጥቦታል።

«የባሌ አክስት ናቸው» አለች። «በሆዳችን ጄኔራሏ ነው የምንላቸው። ጠዋት ተጣላን። ልጄ ሰሞኑን ጡት ላይ ያንቀላፋብኛል ብላቸው፣ ‹ልጅ ተኝቶ ነው የሚያድገው› አሉኝ። ሱቅ ደርሼ ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው። ይሄ ፖሊስ ይዤሽ እሄዳለሁ ይለኛል። እኔ ከታሰርኩ ማን ያጠባዋል? በዚህ አቅሙ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ስታስተኚው እንዴት ነው?»

«መሀል አልጋው ላይ ነዋ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ። ይበርደዋል እኮ።»

ተከራዩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፍርሃቱን በወሬ ሊሸፍን ይሞክራል።

«ጄኔራሏ እኔንም ያሰልፉኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት የምገባው በፈቃድ ነው። ግን ለዚህ ሰው ቤት ይቀይራል እንጂ ነፍስ ያጠፋል እንዴ?»

አባትየው አናጢ ነው፤ ሽርጡን ሳያወልቅ መጥቷል። ዓይኑ ከልጁ ክፍል በር አይነቀልም።

«ልጁን ታነሳዋለህ?»

«ኧረ እፈራለሁ። እሱ ጫጩት ማለት ነው፣ የእኔ እጅ ደግሞ ሞረድ። አንድ ቀን እንኳ አቅፌው አላውቅም።»

ያኔ ከክፍሉ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ። እናትየው ብድግ አለች፤ ፖሊሱ ክንዷን ያዘ።

«ልቀቃት» አለች መርማሪዋ።

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ሕፃኑ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በየተራ ልጁን አስተኙልኝ።»

«እኔ የማውቀው የሚላጭ ራስ መያዝ ነው» አለ ተከራዩ። የሳቀለት የለም። እንደ ዕቃ አስቀመጠው፤ ነርሷ ከሥር እጇን ዘርግታ ነበር። እናትየው መሀል ላይ አስተኝታ ብርድ ልብሱን አገጩ ድረስ ሳበችለት።

«አልችልም አልኩዎት እኮ» አለ አባትየው ተራው ሲደርስ። መርማሪዋ ግን ልጁን ክንዱ ላይ አኖረችው።

ሰውየው አልጋውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። የተፈለገበት ገብቶታል። እንደ ሚስቱ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ልጁን መሀል ላይ አጋደመው፤ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበው። ሕፃኑ ራሱን ሲያዞር ጠርዙ አፉ ላይ አረፈ። የአባትየው እጅ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ልጁን ወደ ታች አንሸራተተው፣ እግሮቹን ግርጌው ላይ አስነካ፣ ብርድ ልብሱን ከብብቱ ሥር ጠቀጠቀው።



«አሮጊቷ ልጁን ታቅፈው ነበር» አለች መርማሪዋ። «ፎጣው ቀሚሳቸው ላይ ቀርቷል። ልጁ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። እንግዲህ ሳይወድቁ በፊት የተቀበላቸው ሰው አለ። አገጩና ጣታቸው ላይ ያለው፣ ጠረኑ እንደሚናገረው፣ የሳል ሽሮፕ ነው፤ ዝም እንዲል ያጠጡት ነበር። ጠርሙሱ ደግሞ የለም፤ የነጠቃቸው ሰው ይዞት ሄዷል። ያ ሰው ልጁን ያስተኛው ሲስተር ትናንት ባሳየችው መንገድ ነው። አሮጊቷ ንቀውታል። እናትየው አላየችውም። የተከራዩን እጅ ደግሞ አያችሁት።» ወደ አባትየው ዞረች። «አቅፌው አላውቅም ያልከኝ አንተ ነህ።»

አባትየው ከሽርጡ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ።

«ለምሳ ብቅ ስል አክስቴ ሽሮፑን አፉ ውስጥ ስታንጠባጥብለት ደረስኩ። ልጁን ተቀበልኳት። አስተኛሁት። ጠርሙሱን ስነጥቃት ልትቀማኝ መጣች፤ ገፋኋት። መግደል አላሰብኩም።»

«እኔን ሊወስዱኝ ሲመጡ ዝም አልክ» አለች ሚስቱ።

«ፈራሁ።»

«እኔስ?»

 ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ አባትየው በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ልጁ ለመጥባት ገና አቅም አልነበረውም። እናትየው ወተቷን በትንሽ ስኒ አለበች፤ ነርሷ ራሱን ደገፈች። ስኒው ከንፈሩን ሲነካ ምላሱን አወጣ፣ ላሰ፣ አረፈ፣ እንደገና ላሰ። መርማሪዋ ማስታወሻዋን ሳትከፍት ቆማ ጠበቀች። ስኒው ባዶ ሲሆን እናትየው በፈላ ውኃ አጠበችውና ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍታ አስቀመጠችው።