የከሸፈችው ሽጉጥ

የሟች ሽጉጥ ተፈታትታ ሳትታይ በቁም ባለ ሰው ላይ ይፈረዳል? እስቲ መልሱልኝ! በኮልደር ካውንቲ ግን ተፈርዷል።

ሐሙስ ጠዋት ምክትል ሸሪፍ ኤሜት ሮርክ ከተኩስ መለማመጃው አጥር ሥር፣ ደረቱን ሁለት ጊዜ ተመትቶ ተገኘ። ሽጉጡን እንደ ጨበጠ ነው የሞተው። ቃታዋን ስቧል፤ ከሽፋለች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሸሪፍ ዌድ ክሬንሾ በከተማዋ ራዲዮ፣ «የተኮሰበት ያልታወቀ ሽፍታ ነው፤ ያስገደለው ግን የሃርላን ስተብስ ስንፍና ነው። ያረጀ ሞላ ሳይቀይርለት ቀረ» ብሎ ለፈፈ። ሃርላን የመሥሪያ ቤቱን ሽጉጦች ሠላሳ አንድ ዓመት የጠገነ ሽማግሌ ነው። የዚያኑ ዕለት ቁልፉን ተቀማ፤ በማግስቱ የቤቱ መስኮት በድንጋይ ረገፈ።

ከስቴቱ የተላከችው መርማሪ ኦዴሳ ፕሩት በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች።

«ሚስተር ስተብስ፣ ረስተውት ይሆን?»

«እመቤቴ፣ እኔ የሚስቴን ልደት እረሳለሁ። ሞላ አልረሳም!»

«መቼ ቀየሩለት?»

«ከአምስት ሳምንት በፊት። ጥይቱን የሚመታውን መርፌ የሚገፋውን ሞላ በየዓመቱ እቀይራለሁ፣ ደህና ቢሆንም። ሳይሰበር ነው የሚቀየረው፤ ከተሰበረማ ቀብር ነው። ከዚያ ጫፉ ላይ የሚስቴን የጥፍር ቀለም ጠብ አደርግበታለሁ። ከምክትሎቹ የኤሜት ብርቱካንማ፣ የሬናታ ሐምራዊ፣ የክሌይ አረንጓዴ፤ የሸሪፉ ነጭ። የአንዱ ከሌላው እንዳይቀላቀል፤ መለዋወጫቸውን በየግላቸው ጣሳ ያስቀምጣሉና።»

ኦዴሳ ሽጉጧን በሬናታ ቪያሴኞር ፊት ፈታቻት። ሬናታ ከኤሜት ጋር አብራ የምትዞር ምክትል ሸሪፍ ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። በከሸፈችው ጥይት ቂጥ ላይ መርፌው የተወው ምልክት ጥፍር የነካው ያህል ብቻ ነበር። ሞላው ሲወጣ አጭር ሆነ፤ ጫፉ በጉጠት ተቆርጧል፤ ቀለም የለበትም። የመርፌው ቀዳዳ ግን ያብለጨልጫል።

«ማክሰኞ ልምምድ ላይ እንዴት ነበረች?»

«ሁለት መቶ ጥይት ተኮሰ፤ አንድም አልከሸፈም። ክሌይ ሲስት ‹አያትህን ጥራልን፣ እሷ ትሻላለች› እያለ ሲያበሽቀው ነበር የዋለው።» ፈገግ ልትል ሞክራ ዓይኗን ጠረገች።

«ከዚያስ?»

«ሽጉጦቹን እንደ ልማዳችን የሃርላን ጠረጴዛ ላይ ትተን ጥብስ ልንበላ ወጣን። እኔ፣ ኤሜትና ሃርላን አንድ ገበታ ላይ ነበርን። ክሌይ ስልክ ላናግር ብሎ ዘገየ። ሸሪፉም ይገባ ይወጣ ነበር። ስንመለስ እያንዳንዳችን የራሳችንን ታጠቅን።»

ዓርብ ከሰዓት ኦዴሳ ሃርላንን፣ ሬናታን፣ ክሌይንና ሸሪፉን በዚያው በሃርላን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«መለዋወጫ የያዛችሁባቸውን ጣሳዎች እዚህ ገልብጡልኝ።»

«እኔንም? ይህ ንቀት ነው!» አለ ሸሪፉ።

«ይሁን፤ ይገልብጡት።»

መርፌውም፣ ሞላውም፣ ብሎኑም ጨርቁ ላይ ተንኮለኮለ። ኦዴሳ ቁጭ ሳትል ጀመረች።

«ማክሰኞ ሁለት መቶ ጊዜ የተኮሰች ሽጉጥ ሞላዋ በሁለት ቀን አላረጀም፤ ተለውጧል። ከሁለት መቶ ጥይት በኋላ የመርፌዋ ቀዳዳ በጥላሸት መጥቆር ነበረበት። ንጹሕ ነው። የከፈታት ሰው ሳይጠርግ መዝጋት አልሆነለትም። ይህን ማን ያስተምራል?»

«እኔ» አለ ሃርላን፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ስለዚህ ተማሪዎ ነው። ሸሪፉስ?»

«እሱ? ሽጉጡን ጠርጎ አያውቅም! የምጠርግለት እኔ ነኝ።»

ሸሪፉ ፊቱ ቀላ።

«ሬናታና እርስዎ ከገበታው አልተነሣችሁም። የቀረው ክሌይ ዶቢንስ ነው። ኤሜት ለፊታችን ሰኞ ለዳኞች ሸንጎ ሊናገር ቀጠሮ ነበረው፦ የተወረሱ መሣሪያዎች ከግምጃ ቤቱ እየጠፉ ነው ብሎ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ አንተ ጋ ነው፣ ክሌይ። ግን ኤሜት ሽጉጥ በመምዘዝ ካንተ ይፈጥናል። ፊት ለፊት ልትገጥመው ፈራህ፤ አስቀድመህ መሣሪያውን ገደልክ፤ ከዚያ እሱን። አሁን መዳፍህን ከጨርቁ ላይ አንሣ።»

ክሌይ አላነሣም። ሬናታ አንጓውን ይዛ አነሣችው። ከመዳፉ ሥር ያልተቆረጠ ሞላ ተጋድሟል፤ ጫፉ ብርቱካንማ ነው።

«እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ!»

«አንተ! አዲሱን ለአንተ ሰጥቶ፣ ተቆርጦ የተጣለ ሞላ ታጥቆ ሊያገኝህ መጣ?» አለች ሬናታ።

ሃርላን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ወንዙ እኮ መንገድህ ላይ ነው። ለምን አልወረወርከውም?»

«አምስት ሳምንት ብቻ የሠራ ሞላ እንዴት ይጣላል?» አለ ክሌይ። የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ዓይኑን ጨፈነ። ሬናታ ካቴናውን አጠለቀችለት።

ሸሪፍ ክሬንሾ ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ ጓሮ በር አመራ። ይህ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ሽጉጥ ለመፍታት ጊዜ አላገኘም፤ ለራዲዮ ግን ግማሽ ቀን በቅቶታል! ሽማግሌው ቀድሞ በሩ ላይ ቆመ።

«ሃርላን፣ ቁልፍህን ሰኞ መጥተህ ትወስዳለህ። በመካከላችን ይለቅ።»

«አያልቅም! ስሜን የቀበሩት ጆሮዬ ሥር አይደለም። ነገ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ ከተማው እየሰማ ይመልሱልኝ፦ ሽጉጧን ሳይከፍቱ አስገዳይ ያሉኝ ለምንድን ነው?»