የደንገል ቋጠሮ

ነርስ ርሆቦት በሩን ስታንኳኳ፣ ወለተ ሩፋኤል የአባቷን ዓይን ከከደነች ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። መቀሱን ወደ መሳቢያው መልሳለች። ከአባቷ የደረት ቱቦ ላይ የቆረጠችውን የደንገል ገመድ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ወሽቃለች። የቀራት መጮህ ነበር፤ ጩኸቱ ግን እምቢ አላት።

አባቷ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ሳንባቸው ላይ ባቄላ የምታህል እጢ ተገኝታባቸው ነበር። ደረታቸው መከፈት አላስፈለገውም፤ ሰኞ ዕለት ሐኪሙ በግራ ጎናቸው ቀጭን መርፌ አስገብቶ በጫፉ ሙቀት እጢዋን አቃጠላት። ሕክምናው ሠመረ። መርፌው ያለፈበት ሳንባ ግን ጥቂት አየር ስላሾለከ፣ አየሩ ደረታቸው ውስጥ እንዳይጠራቀም ቀጭን ቱቦ ተተክሎላቸው ጣና ዳር ወዳለው ቤታቸው ተመለሱ። ቱቦው ሐሙስ ይነቀላል ተባለ። ሐሙስ ጧት ሞቱ።

ወለተ ሩፋኤል ገመዱ ላይ ያለውን ቋጠሮ ታውቀዋለች። ሁለት ጊዜ ታጥፎ ከሥር የሚሾልክ የታንኳ ቋጠሮ ነው፤ ከሐይቁ ደንገል ታንኳ የሚሠራው ወንድሟ ጌትነት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያስረው ኖሯል። ጌትነት ደግሞ ጠበል እያለ ሰው በእሳት አይታከምም ብሎ ከአባቱ ጋር ተኳርፎ ነበር። አባቷን አጥታለች፤ ቋጠሮው ከታየ ወንድሟንም ታጣለች።

ርሆቦት ቱቦውን አንዴ አይታ ፊቷ ተለወጠና ፖሊስ ጠራች።

የመጣችው ኢንስፔክተር አገርነሽ የዱርቤቴ ሰው ናት፤ እንደ ለቅሶ ደራሽ ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ ገባች። ትራሱን ዳሰሰች፤ እርጥብ ነው። ከአልጋው ሥር ያለውን ቢጫ ጀሪካን ነቀነቀች፤ ጎድሏል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሟቹ የፊት ጥርሶች መሐል አንድ ነገር በወረንጦ ስባ አወጣችና በወረቀት ጠቀለለችው። ምን እንደሆነ አልተናገረችም።

«ምን አይተሽ ጠራሽን?» አለቻት ርሆቦትን።

«ቱቦው ላይ የመታነቅ ምልክት አለ። ቱቦው ከታነቀ አየሩ መውጫ አጥቶ ሳንባውን ይጨፈልቀዋል። ትናንት ሳየው ደህና ነበር።»

«ሰኞ የታከሙበት ሙቀትስ አይገድላቸውም?»

«የተቃጠለችው እጢዋ ብቻ ናት። ትናንት እንዲያውም ‹ግመል በመርፌ ቀዳዳ አያልፍም ስንል እናንተ እሳት አሳለፋችሁ› ብለው ሲቀልዱብኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ወለተ ሩፋኤል ዞረች።

«ጧት የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

«መድኃኒት ልገዛ ሄድሁ። ስመለስ አልፈው አገኘኋቸው።»

«እዚህ የነካሽው ነገር አለ?»

«ምንም አልነካሁ።»

ኢንስፔክተሯ እጇን አየችው። ወለተ ሩፋኤል እጇ ብብቷ ላይ መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ጌትነት ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ከሐይቁ ዳርቻ ሲሮጥ መጣ። ርሆቦትን «አባየን አቃጥላችሁ ገደላችኋቸው» አላት። ስለ ጀሪካኑ ሲጠየቅ ማክሰኞ ከገዳም ያመጣው ጠበል መሆኑን አልደበቀም። ኢንስፔክተሯ ግቢው ውስጥ ከተከመረው የደንገል ገመድ አንዱን አንሥታ እንዲያስርላት ጠየቀችው። ገመዱን መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ነከረው። ለምን እንደነከረው ብትጠይቀው፣ ደረቁን የታሰረ ገመድ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፤ በኋላ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያብጥና አይፈታም አላት። ወለተ ሩፋኤል በመስኮት ታየው ነበር። ወንድሟ የገዛ ማነቆውን ሲያስር ያየች መሰላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም አልጋው ባለበት ክፍል ሰበሰበች። ለፍትሐት የመጡት የሟቹ የነፍስ አባት ቄስ ሀብተ ሥላሴም ገቡ።

«ቱቦው ታስሮ ነበር፤ ማሰሪያው ግን የለም» አለች። «መሳቢያው ውስጥ ያለው መቀስ ላይ የደንገል ቃጫ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ቆርጦ ወስዶታል። ወለተ ሩፋኤል፣ አውጪው።»

ከብብቷ አወጣችው። ጌትነት ቋጠሮውን አየ፤ ከዚያ እህቱን አየ።

«እኔ ነኝ ያሰርሁት» አለ።

«ውሸቱን ነው!» አለች ወለተ ሩፋኤል።

«ውሸቱን ነው» አለች ኢንስፔክተሯም። «እህቱ ያሰረችው መስሎታል፤ እሷም እሱ መስሏት ደብቃዋለች። መታጠፊያውን እዩ፣ ተሰንጥቋል፤ ደረቁን ታስሮ በኋላ የረጠበ ነው። ጌትነት ሳይነክር አያስርም። ይህን ቋጠሮ ማን አስተማረህ?»

«አባየ። ቅኔ ቤት ሳይገቡ በፊት ታንኳ ያስሩ ነበር።»

«ከተዉት ግን ሃምሳ ዓመት አልፏል። መንከሩን ረስተዋል። ያሰሩት ራሳቸው ናቸው።»

ቄስ ሀብተ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ልጄ፣ የምትይውን ታውቂያለሽ? ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም።»

«ይቀመጡ፣ አባቴ። አልጨረስሁም።» ወረቀቱን ፈታች። ውስጡ ቀጭን የደንገል ቃጫ ነበር። «ይህን ከጥርሳቸው መሐል አወጣሁት። ቋጠሮው ላይ ደግሞ የጥርስ ምልክት አለ። የሚያስር ሰው ቋጠሮ አይነክስም፤ ሊፈታ የሚታገል ሰው ነው የሚነክሰው። ቱቦው ውሃ አይንካው የተባለው ለማን ነበር?»

«ለእኔ» አለች ወለተ ሩፋኤል። «አባየንም ቱቦው ሳይነቀል ጠበል የሚባል ነገር እንዳያነሡብኝ ብዬ አስማልኋቸው።»

«አንቺ ስትወጪ ውሃ በቱቦው እንዳይገባ አሰሩትና ልጃቸው ያመጣላቸውን ጠበል በራሳቸው ላይ አፈሰሱት። ገመዱ ረጠበ፣ አበጠ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሊፈቱት ታገሉ፤ የተወጋው ጎናቸው ስለጠዘጠዛቸው ግን ግራ እጃቸው አልታዘዘም። ቱቦውን ወደ አፋቸው ስበው በጥርሳቸውም ሞከሩ። እኒህ ሰው መኖር ይፈልጉ ነበር፣ አባቴ።»

ርሆቦት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ጫፉ ላይ ያለው ክዳን አየር ያስወጣል እንጂ ምንም አያስገባም። ባያስሩትም ውሃ አይገባም ነበር። አልነገርኋቸውም።»

ቄሱ ደጅ የቆመውን ዲያቆን ጠርተው ለፍትሐቱ ማዕጠንቱን እንዲያመጣ አዘዙት።

ጌትነት ቋጠሮውን ከኢንስፔክተሯ እጅ ተቀበለ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ታገለው፤ ጥፍሩ እስኪደማ ታገለው። አልፈታለት አለ። ወለተ ሩፋኤል ይህን ስታይ፣ ከጧት ጀምሮ እምቢ ያላት ጩኸት ወጣ።