አራተኛው ክንድ

ቡቺ የተባለው ውሻ ጥቅሉን በአፉ አንጠልጥሎ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ሲል ያምሮት ደጅ ተቀምጣ ጌሾ እየለቀመች ነበር። ውሻ አጥንት አገኘ ተብሎ የሚደነግጥ ሰው የለም። ያምሮት ግን ጌሾውን በትና ተነሣች። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደውን ጨርቅም፣ ጫፉ ላይ የሚወዛወዘውን ቀይ ክርም ታውቃቸዋለች። የቀደደችውም የቋጠረችውም እሷ ናት።

«ቡቺ! ና! ና ወዲህ!»

ቡቺ ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና ጥቅሉን ወስዶ እናቷ እግር ሥር ዘረገፈው።

ወይዘሮ ጥሩዬ ጎንበስ ብለው አዩ። የፍየል እግር አጥንት፣ የዶሮ ክንፍ አጥንት፣ የደረቀ የሌሊት ወፍ ክንፍ። ሁሉም በየመገጣጠሚያቸው በቀይ ክር ታስረዋል። በየክሩ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተንጠልጥላለች፤ ጽሕፈቱ በርጥበት ፈስሶ ደም መስሏል።

«በስመ አብ! መተት! ኧረ ቄሱ፣ ድረሱ! መተት ተቀብሮብናል!»

የያምሮት አባት ቄስ ላቀው ከቤት ወጡ። አንዷን ወረቀት በእንጨት ጫፍ ገልብጠው አዩ፤ አዙረውም አዩ። ግእዙን እንደ ውኃ የሚጠጡ ሰው ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያውም የፈሰሰ፣ ከየት ያውቁታል? «ይህ የደግ ሰው ጽሕፈት አይደለም» አሉ።

ያምሮት አፏን ከፈተች። «የኔ ነው» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር። ከዚያ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት፣ ቡሬ ከተማ፣ አሥረኛ ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የገባለት በቅርቡ ነው። ፕላዝማው ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ተማሪው በአማርኛ ይከተለዋል፤ የሚደርስበት ግን የለም። ለባዮሎጂው መምህር ለክንፈሚካኤል የምትተርፈው አምስት ደቂቃ ብቻ ናት። መብራት የጠፋ ቀን ግን ክፍለ ጊዜው ሙሉውን የእሱ ነው። ያን ቀን መብራት ጠፋ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ አራት ክንድ ሣለ፤ የፍየል፣ የዶሮ፣ የሌሊት ወፍ፣ የሰው። «ቁጠሩ» አለ። «ከላይ አንድ አጥንት። ከሥሩ ሁለት። ከዚያ ብዙ ትንንሽ። ከዚያ ጣት። ፍየሏ ሁለቱን አጣብቃቸዋለች፤ መስመራቸው ግን አልጠፋም። የሌሊት ወፍ ጣቶቿን እንደ ጃንጥላ ዘርግታ ትበርባቸዋለች።»

«ቲቸር፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ለማለት ነው?» አለ ደጀኔ ከኋላ ወንበር።

«ዝንጀሮ አያትህ አይደለም። የሩቅ ዘመድህ ነው።»

«የእሱስ የቅርብ ነው» አለች ትርሲት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩም ሳቀ። «እናንተ አገር ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠር የለም? አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያላችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። አንድ ሰው ላይ ከተገናኛችሁ ዘመድ ናችሁ ማለት ነው። እናንተ ሰባት ላይ ትቆማላችሁ። ሰባት ሺህ ቤት፣ ሰባት መቶ ሺህ ቤት፣ ከዚያም በላይ ውጡ። አንድ ቦታ ላይ ከፍየሏ ጋር ትገናኛላችሁ። ከአንድ አያት የተወረሰው ርስት ይኸው፣ አጥንታችሁ ውስጥ ነው።»

ያምሮት ወንበሯ ሥር ክንዷን ዳበሰችው። የራሷ ክንድ እንዲህ አዲስ ሆኖባት አያውቅም።

ለወላጆች በዓል የባዮሎጂ ክበቡ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነበርና መምህሩ ሥራውን ለእሷ ሰጣት። «ሦስቱን አዘጋጂ። ሥጋውን ጉንዳን እንዲጨርስልሽ አፈር ውስጥ ቅበሪያቸው። አራተኛው ያንቺው ክንድ ነው፤ እሱን መቅበር አያስፈልግም» አላት።

በዚያው ሳምንት ደጀኔ ከኳስ ሲመለስ በበራቸው እያለፈ ጮኸ። «ያምሮት! ለአጎትሽ ለዝንጀሮ ሰላም በይልኝ!» ቄስ ላቀው አጥሩ ጥግ ቆመው ኖሯል።

«ትምህርት ቤት የላክሁሽ ፊደል እንድትጨምሪ እንጂ ዘርሽን እንድታራክሺ አይደለም» አሏት እራት ላይ። «ይህን ነገር ሁለተኛ ከሰማሁ ደብተርሽን ትሰቅያለሽ።»

ቄስ ላቀው የተናገሩትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። የአክስቷ ልጅ ሠርክአዲስ ደብተሯን የሰቀለች ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን ማንኩሳ ተድራ ልጅ አዝላለች። ደብተሩም እስካሁን እንደተሰቀለ ነው።

እና ያምሮት አጥንቶቹን ቤት ማስገባት አልቻለችም። ጉንዳን ሲጨርስላት አጥባ፣ በእናቷ የጥልፍ ትራፊ ክር አስራ፣ መምህሩ በሰጣት ቀይ እስክሪብቶ ስማቸውን ጽፋ፣ ከጎረቤቷ ከእትዬ ንግሥቴ ጋር በሚያዋስናቸው አጥር ሥር መልሳ ቀበረቻቸው። በበዓሉ ዋዜማ ልታወጣቸው ነበር። ይህ አሳቧ ቡቺን አልቆጠረውም ነበር።

መተቱ ተገኘ፤ የቀረው ባለቤት መፈለግ ነበር። እሱም ብዙ አላስለፋም። የቄስ ላቀው ላም ወተቷ ከነጠፈ ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ጥቅሉ የወጣው ከእትዬ ንግሥቴ አጥር ሥር ነው። እትዬ ንግሥቴ ደግሞ ወጌሻ ናቸው፤ አጥንት ሙያቸው ነው። ባለፈው ክረምት በዶሮ ምክንያት ከወይዘሮ ጥሩዬ ጋር ክፉ ተነጋግረው ነበር። ሰፈሩ ይህን ሁሉ ደመረና አንድ ቀን ሳይሞላው ፍርዱን ጨረሰ።

በማግሥቱ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች እትዬ ንግሥቴ ሲመጡ ወሬያቸውን አቆሙ። በሦስተኛው ቀን ደጀኔ ኳስ ሲጫወት ወድቆ የእጁ አንጓ ወለቀ። እናቱ የእትዬ ንግሥቴን በር በዝምታ አልፈው፣ ልጁን እያስለቀሱ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወሰዱት። ያምሮት በአጥሩ ቀዳዳ ታይ ነበር። እትዬ ንግሥቴ ደጃቸው ላይ የሸምበቆ መጠገኛቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። ልጁ ካለፈ በኋላ ሸምበቆውን አንድ በአንድ ሰብስበው ገቡ።

«ዝም በይ በቃ!» አለቻት ትርሲት። «ማን ያውቃል? እኔና አንቺ፣ ቲቸር። አታካብጂ። ሳምንት ሳይሞላው ይረሱታል።»

«እሳቸውን ሲያዩ አይረሱትም።»

«እና ደብተርሽን ልትሰቅዪ ነው? ለአንድ የፍየል እግር?»

መምህር ክንፈሚካኤል ሲሰማ «እኔ መጥቼ አስረዳለሁ» አለ። ያምሮት በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ጂንስ የለበሰ ጎረምሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሰውና ፍየል ዘመድ ናቸው ሲል። ከእትዬ ንግሥቴ ሌላ እሱም ሊወገዝ ነው። «ግድ የለም ቲቸር» አለችው።

ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነበር። ጥቅሉ ውስጥ የእትዬ ንግሥቴ እጅ አለበት። ያምሮት ትንንሾቹን የአንጓ አጥንቶች መደርደር ቢያቅታት ሄዳ የጠየቀችው እሳቸውን ነው። ሰባት ዓመቷ ላይ ከዛፍ ወድቃ ክንዷ ሲሰበር የጠገኗትም እሳቸው ናቸው።

«ለምንሽ ነው?» ብለዋት ነበር።

«ለትምህርት ቤት ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ንግሥቴ የያምሮትን አንጓ ይዘው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ኸዚህ ጀምረሽ እንዲህ ትሄጃለሽ። የሰውም የፍየልም ያው ነው። እኔስ የሰው እጅ ኸመንካቴ በፊት በፍየል አይደል የተማርሁ።» ፕላዝማው በወር ያልነገራትን በአንድ አፍታ ነገሯት። አሁን ያ ምክር ወደ ራሳቸው ዞሮ መተት ሆኖባቸዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ጥቅሉን የነካው ሰው አልነበረም። የእድሩ ዳኛ አቶ ቢሰጥ በሁለት እንጨት ቆንጥጠው ገል ላይ አስቀምጠውታል። ደንቡ የታወቀ ነው። የቀበረው እንዲናገር ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ሦስት ጊዜ ዝም ካለ ካህኑ መስቀሉን አንሥቶ ያወግዘዋል። ስሙ ባይታወቅም ውግዘቱ ባለቤቱን አያጣም፤ ከማዕድም ከሰላምታም ይቆርጠዋል።

ካህኑ ደግሞ ቄስ ላቀው ናቸው።

«ይህን የቀበረ፣ ያስቀበረ፣ አይቶም የደበቀ ይናገር!» አሉ። ዋርካው ላይ ወፎች ተንጫጩ።

አቶ ቢሰጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንግሥቴ፣ አጥንት ያንቺ ሙያ ነው። ኸአጥርሽ ሥር ነው የወጣ። ምን ትያለሽ?»

«እኔ አጥንት እጠግናለሁ እንጂ አልቀብርም» አሉ እትዬ ንግሥቴ። «ለመቅበርማ ካህናቱ አሉ።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ብሎ አፉን በነጠላው ያዘ። እትዬ ንግሥቴ ግን ወደ ገሉ ጠጋ ብለው ማየት ጀምረው ነበር። «ይህን ያሰረ ሰው መተተኛ አይደለም። መተተኛ አጥንትን በየወገኑ አይሰድርም። ይኸ እኮ ኸላይ እስከ ታች በወጉ...»

ቃላቸውን አቋረጡ። አንጓው ላይ ያሉትን ትንንሽ አጥንቶች አዩ። ቀና ብለው ወደ ሴቶቹ ወገን ተመለከቱ፤ ዓይናቸው ያምሮት ላይ አረፈ፤ ቆየ፤ ተነሣ።

«ማን እንደሠራው አወቅሽ ማለት ነው?» አሉ አቶ ቢሰጥ።

«አላውቅም።»

ውሸት መሆኑ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሁሉም ግን ንግሥቴ ራሷን ነው የደበቀች ብሎ ተረጎመው። እትዬ ንግሥቴም ይህን ያውቁታል። ነጠላቸውን አጣፍተው ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ፣ ዝናብ መጥቶ እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው።

ያምሮት ሒሳቡን ሠራች። ወዲህ ቢሏት ደብተሯ ተሰቅሏል፤ ወዲያ ቢሏት እትዬ ንግሥቴ ብቻቸውን ቀርተዋል። በመካከል ቆማ ዝም ብትል ደግሞ የገዛ አባቷ ሊያወግዟት ነው። ሳያውቁ። ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው መስቀሉን ትስማለች፣ እንደ ወትሮው ይባርኳታል። ትናንት በገዛ አፋቸው የቆረጧትን ልጅ።

ቄስ ላቀው ሁለተኛውን ጠየቁ። ለሦስተኛው መስቀሉን ከደረታቸው ቀስ ብለው አነሡት። እሳቸውም ይህን ሥራ አልወደዱትም።

ያምሮት ተነሣች። ትርሲት ነጠላዋን ያዘቻት። «ተቀመጪ! አበድሽ?»

ነጠላው ትርሲት እጅ ላይ ቀረ።

«ይህን የቀበረ፣ ያስቀበረ፣ አይቶም...»

«አባ፣ ይቆዩ» አለች ያምሮት። ድምፅዋ ያሰበችውን ያህል አልወጣም፤ ግን ተሰማ። «የቀበርሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ተንጫጫ። ወይዘሮ ጥሩዬ «ወይኔ ልጄን!» ሲሉ ሰማች፤ ዘወር አላለችም። ገሉ አጠገብ ተንበረከከች። ማንም ያልነካውን ጥቅል በባዶ እጇ አንሥታ መሬቱ ላይ ዘረጋችው። የፍየሏን እግር፣ ቀጥሎ የዶሮዋን ክንፍ፣ ቀጥሎ የሌሊት ወፏን። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና የራሷን ክንድ ከጎናቸው አሳረፈች።

«መተት አይደለም። የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ለወላጆች በዓል እርስዎ ሲመጡ ላሳይዎት ነበር... ፈርቼ ደበቅሁት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እርስዎ ለሚጋቡት ሁሉ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የለም? እኔም የያዝሁት ቆጠራ ነው። ትንሽ ራቅ ይላል።»

በቄስ ላቀው እጅ መስቀሉ ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም። የሚያዩት አጥንቶቹን አልነበረም። የሚያዩት ልጃቸው ክንድ ላይ፣ ከክርኗ ከፍ ብሎ ያለችውን የድሮ ስብራት ምልክት ነው። ያን ቀን ተሸክመዋት ሮጠው እትዬ ንግሥቴ ደጅ ያደረሷት እሳቸው ነበሩ።

እትዬ ንግሥቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡና ከያምሮት ጎን በርከክ አሉ። አንዷን ትንሽ አጥንት በጥፍራቸው ገልበጥ አደረጓት።

«ይቺ ቦታዋን ስታለች» አሉ።

«ቡቺ ነው፣ እትዬ።»

ነገ ደብተሯን ትሰቅል ይሆናል። አታውቅም። አባቷ «ተዪው» እስኪሉ ጠበቀች። አላሉም። «ቀጥዪ»ም አላሉም። ከሰዉ መካከል አንድ ሕፃን ሊያይ አንገቱን አስግጓል፤ እናቱም ከኋላው አስግጋለች።

ያምሮት ጣቷን ከላይኛው አጥንት ላይ አሳረፈች።

«ከላይ አንድ» አለች።