ዓርብ ማታ የነደደ የቅዳሜ ዕጣን

መምህር ኤርኮላኖ ቪስማራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ፊቱ ግን ሲሮጥ እንደቆየ ልጅ ቀልቷል። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተነጥፏል፤ በጨርቁ ላይ ማጭድ የያዘ ሽማግሌ የተቀረጸባት፣ መዳፍ የምታህል የእርሳስ ሰሌዳ ተቀምጣለች። የከሰል ማንደጃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ክፍሉ ግን አሁንም ዕጣን ዕጣን ይሸታል።

የፌራራ ከተማ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች፤ ሰይጣን አንቆት ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ የከዋክብትንና የማዕድናትን ስውር ኃይል ሲመረምር፣ መጽሐፍ ሲጽፍበት የኖረ ፈላስፋ በዕጣኑ መሃል ሲሞት ሌላ ምን ይባላል? ዳኛ አልዶብራንዶ ፓዜቲም ደረጃውን ሲወጣ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ለምሳ እደርሳለሁ ብሎ ነው የመጣው። ይህን ሐሳቡን ኋላ ሲያስታውሰው ጆሮው ድረስ እየቀላ አፍሮበታል።

የሟቹ ልጅ ኢዞታ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ አባ ዛኖቢ አልቀብርም ብለዋል። ሰይጣን የገደለው ሰው ከቅጥሩ ውጭ፣ የፈረስ ሬሳ የሚጣልበት ይጣል ብለዋል። እናቴ አጠገብ ልቅበረው። ሌላ ምንም አልለምንም።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ፣ ዛሬ ጠዋት። በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፎ አገኘሁ፤ በእግሬ ገፋ አድርጌ ገባሁ።»

«ጨርቁ የተወተፈው ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ። እግሬ ሥር ነበር እኮ።»

ሰይጣን በር ዘግቶ ጨርቅ ይወትፋል እንዴ፣ አለ ዳኛው በልቡ፤ ምሳውንም ረሳው።

«ይህ ሰሌዳ የአባትሽ ነው?»

«አባባ እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ ውስጥ አልቀረውም። ባለፈው ወር ያለውን የእርሳስ ሰሌዳ ሁሉ አቅልጦ ለጣሪያው አሸንዳ አደረገው። የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው፣ ሰው አሳስቻለሁ ይል ነበር። ነገ እሁድ በካቴድራሉ ተንበርክኮ ያሳሳታቸውን ሰዎች በየስማቸው ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር። ትናንት በዚያ ዝናብ ኮንት ኡጉቾኔ ቤትና አባ ዛኖቢ ዘንድ ሄዶ፣ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ ተመለሰ።» ኢዞታ አንገቷን ደፋች። «እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጌታዬ። ከእንግዲህ የጠንቋይ ልጅ አልባልም ብዬ። አባቴ እያለቀሰ እኔ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።»

ዳኛው መጀመሪያ ያስጠራው ላታንዚዮን ነው፤ አሥር ዓመት የመምህሩ ደቀ መዝሙር የነበረ፣ ቀጭንና ቁጡ ሰው።

«ተናደህበት ነበር?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አሥር ዓመት ያስተማሩኝን ከንቱ ነው ሲሉኝ እልል ልበል?» ይህን ብሎ ጠረጴዛውን ሲያይ ሳቅ አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል? ሬሳ ፊት ነህ።»

«ይቅርታ ጌታዬ። ይሄ የሳተርን ሥራ ነው፤ ማጭድ የያዘው ሽማግሌም፣ እርሳሱም፣ ጥቁሩም፣ ዕጣኑም። ሳተርን የቅዳሜ ኮከብ ነው። ዓርብ ማታ ማን ያጥንለታል?»

«ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች ቅዳሜ ገባ አይደል? ከተማው ሁሉ የሚቆጥረው እንዲህ ነው።»

«ከተማው እንደፈለገ ይቁጠር! በኛ ሙያ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። መምህር ገና ከመግቢያው የሚያስተምሩት ይህንን ነው። የተሳሳተ ሰው ጥፊ ይቀምስ ነበር፤ እኔም ቀምሻለሁ።»

አባ ዛኖቢ ሲመጡ ዓይናቸውን ከወለሉ ላይ አላነሱም።

«ትናንት ሟቹ ምን ፈልጎ መጣ?»

«ምንም።»

«ያን ሁሉ ዝናብ ምንም ሳይፈልግ ነው የተመታው?»

«ምንም አልኩህ፣ ልጄ።»

ኮንት ኡጉቾኔ የጫማውን የፈረስ መኮርኮሪያ ብረት እያንቃጨለ ገባ። የከተማዋ ባላባትና የጦር አለቃ ነው።

«ለአንድ አሮጌ ጠንቋይ እኔን ታስጠራለህ?»

«ያውቁት ነበር፣ ጌታዬ?»

«በዓይን። ጅል ሲያታልል የኖረ ሰው ነው።»

«ትናንት ቤትዎ መጥቶ ነበር ይባላል።»

«ምጽዋት ሊለምን ይሆናል። እኔ በከዋክብት የምገዛ እመስልሃለሁ?»

ዳኛው ሁሉንም ሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ሰሌዳዋን እጅ በእጅ አዞራት። አባ ዛኖቢ አማተቡና በሁለት ጣት ያዟት። ላታንዚዮ እንደ ሽንኩርት ለቀም አድርጎ ገለበጣት። ኮንቱ የካባውን ጫፍ በግራ እጁ ላይ ጠቅልሎ ተቀበላት።

«መምህሩን ሰይጣን አልገደለውም» አለ ዳኛው። «በክረምት ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ፊቱ እንዲህ ቀልቶ ይሞታል። በሩን የወተፈው ሰው ደግሞ ውጭ ነበር። ሟቹ ሰሌዳ ስላልነበረው፣ ሰይጣን ያነቀው ለማስመሰል ይህችን ያመጣት ገዳዩ ነው። ላታንዚዮ ቢሆን የቅዳሜን ዕጣን ዓርብ ማታ አያጤስም ነበር። ገዳዩ ጥቂት ነገር ከመምህሩ የሰማ፣ ቀኑን ግን እንደ ከተማው ሰው የሚቆጥር ነው።»

«እኔንም ይጨምራል በለኛ!» አሉ አባ ዛኖቢ ደንግጠው።

«እርስዎ በባዶ እጅዎ ያዟት፣ አባ። ላታንዚዮ፣ ይህን እርሳስ በግራ እጅ፣ በጨርቅ የሚይዘው ማነው?»

«በኮከብ ቆጣሪ ታዞለት ለራሱ ያሠራት ሰው። በባዶ እጅ ከነካት ክፉ ሐዘን ይገባበታል ይባላል። አንገቱ ላይ እንኳ ከሸሚዝ በላይ ነው የሚያንጠለጥላት።»

«ጫፏ ላይ የማተብ ቀዳዳ አላት፣ ጀርባዋም በመልበስ ብዛት ለስልሷል። እርሳስ ደግሞ ነጭ ሸሚዝ ያጠቁራል። ኮንት ኡጉቾኔ፣ ካባዎን ይግለጡልን።»

ኮንቱ ካባውን በመግለጥ ፈንታ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨበጠው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየው።

«ነገ በካቴድራሉ ስለ እርስዎ ምን ሊናገር ነበር?»

ኮንቱ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«የወንዙ ውጊያ ቀን ትኩሳት ይዞኛል ብዬ ቤት ቀረሁ እንጂ ትኩሳት አልነበረብኝም። መምህሩ ሳተርን ከፍቷል፣ አትውጣ አለኝ። አልወጣሁም። ወታደሮቼ፣ እነዚያ ልጆች፣ ያለ አለቃ ተሻገሩ፤ ውሃው ከነፈረሳቸው በላቸው። ትናንት መጥቶ የነገርኩህ ሁሉ ውሸት ነበር፣ ሁለታችንም እንናዘዝ አለኝ። እኔ... እናቶቻቸው ገበያ ላይ ሲያዩኝ እጄን ይስማሉ እኮ! በአትክልቱ በር ገባሁ፤ ተኝቶ ነበር።» ወደ ዳኛው ዞረ። «ስቀለኝ። ምክንያቱ ግን አደባባይ ላይ አይነበብ። ለገንዘብ ገደለው በል።»

«የሚነበበው የተናገሩት ነው፣ ጌታዬ» አለ ዳኛው።

ወታደሮች ወሰዱት። ኢዞታ ግን ኮንቱን ዞራም አላየችው፤ ዓይኗ ቄሱ ላይ ነበር።

«አባ፣ አባቴ እርስዎ ዘንድ የመጣው ለምን ነበር?»

አባ ዛኖቢ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«ንስሐ ሊገባ።»

«እና ምን አሉት?»

«ምእመናን ለሠርክ ጸሎት እየገቡ ነበር። ጠንቋይ ከእኔ ጋር እንዳያዩ...» ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ነገ ና አልኩት። በጓሮ በር።»

«ይህን እያወቁ ነው ከፈረስ ሬሳ ጋር ይጣል ያሉት?»

ዳኛው አንገቱን ደፋ።

ኢዞታ የአባቷን አገጭ ቀና አድርጋ ዓይኑን ጨፈነችለት።

«ነገ ያሉት ዛሬ ነው፣ አባ» አለች። «ይነሡና እግሩን ይያዙልኝ። በዋናው በር ነው የምናስገባው።»