የቁራኛው ሞት

እንግዳው የተባለው ባለገንዘብ የሞተው እጁ ከባለዕዳው እጅ ጋር በሰንሰለት እንደታሰረ ነው። ቀኑ ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ረቡዕ ነበር። መተማ በቀትር ሐሩር ጸጥ ብላ ሳለ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ጩኸት ተሰማ። ዘበኛው ውባንተ ሮጦ ሲደርስ እንግዳው ጀርባው እንደ ቀስት ተለጥጦ፣ ጥርሱ ገጥሞ ከዳሱ ሥር ተጋድሟል። ነጋዴው ሽኩር በዚያው ሰንሰለት ተይዞ፣ መሸሹም መርዳቱም ሳይሆንለት ከሬሳው ጎን ቁጭ ብሎ ይጣራል።

ግራዝማች አዛናው ከቤታቸው ተጠሩ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ሠላሳ ዓመት በችሎት ጸሐፊነትና በዳኝነት የኖሩ፣ ከምስክር አፍ ሐሰትን እንደ እንክርዳድ ለቅመው የሚያወጡ ሰው ነበሩ። አሁን ግን የጣሊያኑ ሹም የአገሩን ልማድ እንዲያስረዱት ብሎ ከችሎቱ ጥግ ያስቀምጣቸዋል እንጂ ሥልጣን የላቸውም። ሹሙ አማርኛ፣ እሳቸውም ጣሊያንኛ ስለማያውቁ በመካከላቸው የሚቆመው ቋንቋውን ሚስዮን ቤት የተማረው አስተርጓሚ ሙሉአለም ነው። የችሎቱን ወረቀት የሚይዘውም፣ የፍርዱን ገንዘብ ከተረቺ ተቀብሎ ለረቺ የሚያስረክበውም እሱ ነው።

«ሹሙ ነገሩ ግልጽ ነው ይላሉ» አለ ሙሉአለም። «ባለዕዳው በሰንሰለቱ አንቆ ገድሎታል። ለወጉ ያህል ይመርምሩና ነገ ጠዋት በሕዝብ ፊት ይናገሩ።»

ክርክሩን አዛናው ያውቁታል። ሽኩር አምና የእንግዳውን ሰሊጥ በዱቤ ወስዶ ወደ ሱዳን አሻገረና ክፍያው ዘገየበት። እንግዳው ከሰሰ፤ ምስክር አቆመ፤ ረታም። መቶ ሃያ ጠገራ ብር ተፈረደለት። ሽኩር ወደ ጎንደር ይግባኝ ቢልም መልሱ ሳይመጣ፣ እስኪከፍል ድረስ እንደ ጥንቱ ከባለገንዘቡ ጋር እንዲቆራኝ ታዘዘ። ሹሙ ልማዱን ያልሻረው ወጪ ስለሌለው ነው፤ ባለገንዘቡ ራሱ ጠባቂ ነዋ። ሁለቱ ባላጋራዎች ዘጠኝ ቀን አብረው ተኙ፤ አብረው ተነሡ፤ አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ቆመ።

አዛናው ከሬሳው አጠገብ ተንበረከኩ። አንገቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የሁለቱም የእጅ አንጓ ግን ተልጦ ደምቷል።

«ማን ነው የጎተተው?» አሉት ሽኩርን።

«እሱ ነው፣ ግራዝማች። እኔ በረመዳኑ ጾም ደክሜ አሸልቤ ነበር። ሰንሰለቱ እጄን ሊገነጥለው ሲል ነቃሁ። ይንፈራገጣል፤ ስነካው ይብስበታል። ስሜን ጠራኝ፤ ከዚያ መንጋጋው ገጠመ።»

አዛናው እንዲህ ያለ ሞት አንድ ጊዜ አይተዋል። የሹሙ ቢሮ ጅብ ለመግደል በሥጋ እያደረገ ከሚበትነው ነጭ መርዝ የሰፈሩ ውሾች በልተው፣ ልክ እንደዚህ ተለጥጠው ደርቀው ነበር። የመርዙ ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ውባንተን ጠየቁት። ዘበኛው ዙሪያውን አየ። ሁለት ቁልፍ ነው፣ አንዱ ከሹሙ ሌላው ከአስተርጓሚው ዘንድ ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው።

የሟች ሚስት አገኘሽ ምሳ ያመጣችበት አገልግል ከዳሱ ምሰሶ ሥር ነበር። ሙሉአለም ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ሴትዮዋንም መጠርጠር እንደሚገባ አሳሰባቸው። አገልግሉን አነሡት፤ ጠፍሩ አልተፈታም።

«ረቡዕ አይደል?» አለች አገኘሽ እንባዋን በነጠላዋ እየያዘች። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህልም ውሃም አይቀምስም።»

«ታዲያ ምን ዋጠ?»

«ወባው ተነሥቶበት ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረ። ከቢሮ ኪኒን ይመጣልኛል፣ ለመድኃኒት ጾም አይከለክልም ብሎኛል። ማን እንደሚያመጣለት ግን ስም አልጠራልኝም።»

የሟቹን ኩታ ጫፍ ፈቱት። ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ነጭ ብናኝ የያዘ ቁራጭ ወረቀት ተቋጥሮበታል። አንድ ጠርዙ ተንጋዶ የተቀደደ ነው። ሳይናገሩ ከደረታቸው ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ የሽኩር ሚስት ሰዓዲያ ደጃቸው መጣች። ወርቋን ሸጣ መቶ ሃያውን ብር ከሦስት ቀን በፊት ለሙሉአለም ማስረከቧን፣ ደረሰኝም መቀበሏን ነገረቻቸው። አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ወረቀቱን አነበቡት፤ ባለጉዳይዋ የባሏን ይግባኝ ለመጠየቅ መጥታ ነበር ይላል እንጂ ስለ ብር አንድ ቃል የለበትም። ከደረታቸው ቁራጩን አውጥተው ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስጠጉት። ልክ እንደ ላይኛና ታችኛ ጥርስ ገጠመ። ሰዓዲያ የሆነው ሲገባት ደረሰኙን እጃቸው ላይ ተወችላቸው።

አዛናው ወደ ሽኩር ተመለሱ። ከሬሳው ለይተው ለብቻው አስረውታል።

«ሚስትህ መክፈሏን ለእንግዳው ነግረኸው ነበር?»

«ትናንት ነገርሁት። ‹እኔ ሳንቲም አልደረሰኝም› አለ። ማን እንደበላን ያን ጊዜ ገባን። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለታችንም ሹሙ ፊት ቀርበን ልንናገር ተማከርን።»

«ማን ሰማችሁ?»

«ማንም አልሰማን። ሹሙ ዘንድ ለመቅረብ ግን ማስፈቀድ ነበረብን።»

«ማንን?»

ሽኩር አቀረቀረ። «ሙሉአለምን። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርነውም።»

ነገሩ ለአዛናው አለቀ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ያገኙትን እውነት ለሹሙ የሚነግራቸው ማን ነው? በጣሊያኑ ምሽግ አስካሪ ከሚባሉት ቅጥር ወታደሮች ጣሊያንኛ የሚችል አንድ አለቃ ነበር፤ ሳይመሽ ሄደው ለምነውት እሺ ብሏል። ሲነጋ ፈለጉት። በሌሊት ታዞ ወደ ገንዳ ውሃ መንደር ሄዷል አሏቸው። ማን እንዳሳዘዘው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ቢሆንም ሕዝቡ ይስማው ብለው ወጡ።

ከፍርድ ቤቱ ደጅ ካለው ሮቃ ዛፍ ሥር አገሩ ወንጀለኛ ለማጋለጥ እንደሚጠራ አውጫጭኝ ተሰብስቧል። ሹሙ ከወንበሩ፣ ሙሉአለም ከቀኙ፣ ሽኩር በሁለት አስካሪ መካከል፤ አገኘሽና ሰዓዲያ በየወገናቸው ቆመዋል።

አዛናው ቀስ ብለው ጀመሩ። አንገቱ ንጹሕ መሆኑን፣ ስለዚህ አለመታነቁን አስረዱ። አንጓዎቹ የተላጡት በጠብ ሳይሆን በመርዙ መንፈራገጥ መሆኑን፣ አገልግሉ ሳይፈታ መገኘቱን፣ ሟቹ በጾሙ ላይ ሊውጥ የሚችለው መድኃኒት ብቻ መሆኑን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ከፍ አድርገው አገጣጠሙ።

«የኪኒኑ መጠቅለያና የሰዓዲያ ደረሰኝ አንድ ወረቀት ናቸው። ወረቀቱን የሚይዝ አንድ ሰው ነው። ብሩን የተቀበለ፣ የመርዙ ቁልፍ ያለው፣ ሁለቱ ሹሙ ዘንድ ሊቀርቡ መሆኑን የሰማም እሱው ነው። እንግዳውን የገደለው አስተርጓሚው ሙሉአለም ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሽኩር ፊቱ በራ፤ ሰንሰለቱን ይፍቱልኝ ብሎ ሁለት እጁን ወደ አስካሪው ዘረጋ።

ሙሉአለም ግንባሩን ጠረገና ወደ ሹሙ ዞሮ ረጋ ባለ ድምፅ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ወረቀቶቹን አመለከተ፤ ቀጥሎ በጣቱ ሽኩርን አሳየ። ሹሙ እያዳመጠ ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ ተነሥቶ ሽኩር ንጹሕ ነው እያለ ጮኸ፤ ሙሉአለም ይህንንም ተረጎመ። ሹሙ ሰምቻለሁ፣ ይፈጸማል እንደማለት እጁን ከፍ አደረገ። ከዚያ ከወንበሩ ወርዶ የአዛናውን እጅ ጨበጠ።

«ሹሙ ያመሰግኑዎታል» አለ ሙሉአለም፣ ዓይናቸውን ሳያይ። «ገዳዩን በማስረጃ ስላረጋገጡላቸው። ሽኩር ነገ ይሰቀላል። ሱቁ ተሸጦ ዕዳው ለሟች ሚስት ይከፈላል። ማስረከቡ በኔ በኩል ነው።»

«ውሸት ነው በላቸው!» አሉ አዛናው።

ሙሉአለም አንድ ነገር አለ። ሹሙ ፈገግ አለ። አዛናው ክንዳቸውን ዘርግተው አስተርጓሚውን አመለከቱት፤ ሹሙም ጣታቸውን ተከትሎ አየና፣ እሱም ምስጋና ይገባዋል ያሉት መስሎት የሙሉአለምን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው። አስካሪው የሽኩርን የተዘረጉ እጆች ወደ ኋላ አዙሮ አሰራቸው።

ሕዝቡ ጠመንጃውን አይቶ ተበተነ። ሁለቱ ሴቶች ቀሩ።

«ይግባኝ የሚባለው ለማን ነው፣ አባቴ?» አለች ሰዓዲያ።

አዛናው ሥርዓቱን በቃላቸው ያውቁታል። «ለጎንደር ነው። ማመልከቻው በጣሊያንኛ ተጽፎ፣ በዚሁ ቢሮ ማኅተም ተመትቶበት ይሄዳል።»

«በጣሊያንኛ የሚጽፍልን ማን ነው?»

አዛናው ሙሉአለም ከሹሙ ጋር የገባበትን ቢሮ በዓይናቸው አሳዩአት። አገኘሽ የሰዓዲያን እጅ ይዛ የሚጽፍ ሰው ፍለጋ ቁልቁል ወደ ገበያው መንገድ ወሰደቻት።