ባለፋኖሷ ቤቷ ትገባለች?

«አይሆንም!»

ቃሉ ከአፏ ሲያመልጥ ልጅቷ ራሷ ደነገጠች። የሂሳብ መምህሩ ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳያነሱ አንገታቸውን ዞር አደረጉ።

«ምኑ ነው የማይሆነው? ኤክስ አራት መሆኑ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ዴስኩ ሥር ደብቃ ስታነበው የነበረውን መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ለመሸጎጥ ስትጣደፍ ጭራሽ ወለሉ ላይ ጣለችው። አራተኛውና የመጨረሻው ቅጽ ነው፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ሲወድቅ እንደ ጡብ ጮኸ። መምህሩ መጽሐፉን አዩት፤ ቀጥሎ እሷን አዩ። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሲያዩ ወደ ኤክሳቸው ተመለሱ።

በእረፍት ሰዓት መጽሐፉን ያዋሰቻት ጓደኛዋ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። ያላነበበችው ነገር ስለሌለ ሁሉም ፕሮፍ ነው የሚላት።

«ጨረስሽው አይደል? አያምርም?»

«ምኑ ነው የሚያምረው? ባለፋኖሷ ቤቷ አትገባም እኮ! አራት ቅጽ ሙሉ ስትንከራተት ከርማ፣ የጉሙን በር የሚዘጋው ከዚያኛው ወገን ያለ ሰው ብቻ ነው ተባለና ዘግታው እዚያው ቀረች። አገር ምድሩ ፀሐይ ሲሞቅ እሷ ጉም ውስጥ!»

«ወንድሟስ? በየቀኑ በሩን ተደግፎ የውሎውን ሲያወራላት? አቦ፣ እኔ ሦስቴ ነው ያለቀስኩት።»

«ማልቀሱን እኔም እችላለሁ። እማማ ቁልፍን ምን ልበላቸው?»

ፕሮፍ ስለ እማማ ቁልፍ ታውቃለች።

የልጅቷ እናት ሁለት ክፍል ያላት ልብስ ስፌት ቤት አላት። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉም በሥራው ነው። ጨርቅ ቆራጯ እናቷ መቀስ ናት፤ ሸሚዝ የሚተኩሰው ሰውዬ ጋሼ ካውያ፤ ቁልፍ የሚተክሉት አሮጊት እማማ ቁልፍ። አሥር ሰዓት ሲሆን የስፌት ማሽኖቹ ይጠፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ቁልፍ ይተከላል፣ ይዘመዘማል፣ የተንጠለጠለ ክር ይለቀማል። ያቺ አንድ ሰዓት የንባብ ሰዓት ናት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትመጣና የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብላ «የጉም በር»ን ታነብላቸዋለች። ስለዚህ እሷ ሬዲዮ ናት። ይኸው ስምንት ወራቸው።

እማማ ቁልፍ ደግሞ ልማድ አላቸው። የዕለቱ ንባብ ሲያልቅ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ አንድ ብቻ። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ልብሳቸውን መቼ ነው የሚያጥቡት?» ይላሉ። ወይም «ያን ፈረስ ማን አበላው?» ጥያቄያቸው ሳይመለስ ማንም ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። የመጀመሪያው ቅጽ የመጀመሪያ ቀን የጠየቁት ግን ሌላ ነበር።

«ልጅቷ በመጨረሻ ቤቷ ትገባለች? የማትገባ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለሰው ልጅ እያዘንኩ ቁልፍ መትከል አልችልም።»

ሬዲዮ ያኔ ከሠላሳ ገጽ በላይ አላነበበችም። ግን ንባቡ እንዳይቀር ፈራች። «ትገባለች፣ እኔ ልሙት!» አለች።

ነገ ዓርብ የመጨረሻው ምዕራፍ ይነበባል። ነገ የእማማ ቁልፍም የመጨረሻ ቀን ነው። ባለፈው ወር ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ቁልፍ ተክለው ተገኙ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ መቀስ በዝምታ ልትቀይረው ስትል ግን አዩዋት። «ዓይኔ በቃኝ ብሎኛል፤ እኔም ልስማው» አሉ። ሃያ ሰባት ዓመት ከተቀመጡባት ወንበር ተነሥተው ሌላ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው። አውቶቡሳቸው ቅዳሜ ጠዋት ይነሣል።

«መጨረሻውን እቀይረዋለሁ» አለች ሬዲዮ።

«አብደሻል? መጽሐፍ እኮ ነው፣ የቤት ሥራ አይደለም!»

«ማን ያውቃል? እነሱ እንደሆነ ከእኔ አፍ ነው የሚሰሙት።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ፕሮፍ፤ መጽሐፉንም ከእጇ ወስዳ እንደ ሕፃን አቀፈችው። ትንሽ ቆይታ ግን መልሳ ሰጠቻት። «እሺ፣ ቢያንስ ቆንጆ አድርገሽ ጻፊው። የፋራ መጨረሻ ካነበብሽላቸው አላውቅሽም።»

ሬዲዮ ያን ዕለት ማታ የሂሳብ ደብተሯን ባለ ካሬ ወረቀት ቀድዳ ጻፈች። የባለፋኖሷ ወንድም በሩን ሲገፋው ይከፈታል፤ እህቱን በእጇ ጎትቶ ያወጣታል፤ ቤት ሲደርሱ እናትየው ደጅ ቆማለች፤ ሁሉም ይተቃቀፋሉ። ሦስት ገጽ ሞላ። ስታነበው ደስ አላት፤ ሁለተኛ ስታነበው ደስታው ትንሽ ቀነሰ፤ ሦስተኛ አላነበበችውም። አጥፋ መጽሐፉ ውስጥ ሸጎጠችው።

ዓርብ አሥር ሰዓት ማሽኖቹ ጠፉ። እማማ ቁልፍ የብስኩት ቆርቆሯቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በዳሰሳ ነጭ ቁልፍ ይመርጣሉ። መርፌውን ክር ያስገባችላቸው መቀስ ናት። ጋሼ ካውያ መስኮቱ ጋ ሸሚዝ ዘርግቶ እንፋሎቱን ይለቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ የዛሬን እንኳ ያንን ነገር ዝም አስብለው!» አሉት እማማ።

«እናቴ፣ ካውያ ዝም ካለ ሸሚዙ ይናገራል» አለ እየሳቀ። ግን ካውያውን አቆመው።

ሬዲዮ ማንበብ ጀመረች። ጉሙ መንደሮቹን ሲውጥ፣ ባለፋኖሷ በሩ ጋ ስትደርስ፣ ወንድሟ «አብሬሽ ልግባ» ብሎ ሲለምናት። እስከዚህ ድረስ ያለው የመጽሐፉ ነው። ከዚያ ገጽ ስትገልጥ ባለ ካሬው ወረቀት መጣ። እናቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀና ብላ ወረቀቱን አየችው፤ ቅንድቧን ሰቀል አደረገች፤ ተመልሳ አቀረቀረች። ሬዲዮ የራሷን አነበበች። በሩ ተከፈተ። ተቃቀፉ። ቤት ገቡ።

ጋሼ ካውያ አጨበጨበ። «እንዲህ ነው እንጂ! ደራሲ ማለት ይሄ ነው!»

እማማ ቁልፍ ፈገግ አሉ። «ተመስገን። ቤቷ ገባች» አሉ። ክራቸውን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉ። የጨረሱትን ሸሚዝ አጠፉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ።

ሬዲዮ ጥያቄውን ጠበቀች። አልመጣም።

በስምንት ወር አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው የተዘጋ ዕለት እንኳ በእጅ ምልክት ጠይቀዋል። አሁን የብስኩት ቆርቆሮውን ክዳን ገጥመው «በሉ እንግዲህ» ሊሉ ነው። ሬዲዮ ዝም ብትል ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል፤ ቃሏም ይጠበቃል። ጋሼ ካውያ አሁንም እየሳቀ ነው። ይኼው ነበር እኮ የፈለገችው።

«እማማ» አለች። «ያነበብኩት የመጽሐፉ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«የዘጋው እጅ አይከፍተውም፣ ከዚህ ወገን የሚገፋውም አይከፍተውም ብለሽ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አላነበብሽልንም? ያ ሽማግሌ ዘበኛ ሲናገር? ዓይኔ ነው የደከመው፣ ጆሮዬ ደኅና ነው። ስፌት ስትተረትሪ ደግሞ ክሩ ቢወጣም የመርፌው ቀዳዳ ይታያል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

እማማ ጎንበስ ብለው ጉንጯን ዳሰሱ። «ለእኔ ብለሽ የሰፋሽውን እንዴት አውልቄ ልመልስልሽ?»

ሬዲዮ አለቀሰች። አላፈረችም፤ እዚያ ቤት ማንም ለማንም አያፍርም። «ቃል ገብቼልዎት ነበር» አለች።

«ሠላሳ ገጽ ሳታነቢ የገባሽውን ቃል? ያን ዕለትም አውቄብሻለሁ። በይ አሁን ዋናውን አምጪው። የመጣው ይምጣ፣ ተቀምጬአለሁ።»

መነጽራቸውን ግን መልሰው አላደረጉም። ሬዲዮ ወረቀቱን አወጣችና የመጽሐፉን አነበበች። ባለፋኖሷ በሩን ከዚያ ወገን ዘጋች። ጉሙ ከአገሩ ላይ ተነሣ። ወንድሟ ቤት ሠራ፣ ዘር ዘራ፣ ልጅ ወለደ፤ ግን ሥራውን ሲጨርስ በየቀኑ በሩ ጋ ይሄዳል፤ ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጣል፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ መሰለሽ» ብሎ ይጀምራል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ካውያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እንፋሎቱ ነው» አለ።

«ካውያውን ካቆምከው ስንት ሰዓቱ!» አለች መቀስ፤ የእሷም ድምፅ ደኅና አልነበረም።

እማማ ቁልፍ የሚበጥሱት ክር ስለሌለ እንዲያው ጠየቁ።

«ወንድምየው ሲያወራላት እሷ ትሰማዋለች?»

ሬዲዮ አፏ ላይ «ትሰማዋለች» መጥቶ ነበር። መልሳ ዋጠችው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፤ ከኋላው ባዶ ነው።

«አላውቅም እማማ። አልተጻፈም።»

«አልተጻፈም» አሉ እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ። በስምንት ወር ሳይመለስ የቀረ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይኼ ነበር። ቢሆንም ተነሡ። ሁሉንም አንድ በአንድ ሳሙ። የብስኩት ቆርቆሮውን ወንበራቸው ላይ ትተውት ሄዱ።

ሬዲዮ ቅዳሜንም እሑድንም ያንኑ ጥያቄ ስታላምጥ ዋለች። እሑድ ከሰዓት ፕሮፍ ቤት ሄዳ ሌላ መጽሐፍ ተዋሰች፤ ባለ ካሬ ወረቀቱን ሰጠቻት። ፕሮፍ አንብባው «ለፋራ አይከፋም» አለችና ደብተሯ ውስጥ አስቀመጠችው።

ሰኞ አሥር ሰዓት ማሽኖቹ ጠፉ። ሬዲዮ እንደ ሌላው ቀን ጥቅሉ ላይ አልወጣችም። የእናቷን ስልክ ጠየቀች፣ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ከብስኩት ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ ባዶው ወንበር ላይ አቆመችው። እሷ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መቀስ እጇን አቆመች፤ ጋሼ ካውያ እየተኮሰ ቀና አለ።

«እማማ፣ ይሰማዎታል?»

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ የመኪና ጡሩምባ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ በር ሲዘጋ፣ በመጨረሻም ሁሉም የሚያውቀው ጉሮሮ መጥረግ መጣ።

«ይሰማኛል» አሉ እማማ ቁልፍ። «ያ ሰውዬ እንፋሎቱን ሲለቅም ይሰማኛል። መጀመሪያ ካውያውን ያቁምልኝ።»

ጋሼ ካውያ ካውያውን አቆመ። ሬዲዮም የአዲሱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች።